ቤዝ ጊታር ባህር ዳር ላይ፦ ከግዢ እስከ ሠርግ ድንኳን

ባህር ዳር ውስጥ ቤዝ የሚጫወት ሰው ይፈለጋል። ኪቦርድ የሚነካ ሞልቷል፣ ጊታር የጀመረም አይጠፋም፣ ቤዝ ላይ ግን ሰው ሲጠፋ ኪቦርዲስቱ በግራ እጁ ይሸፍንና ሠርጉ ያልፋል፣ ግን ጭፈራው ከስር የሚይዘው ነገር እንዳጣ ያስታውቃል። ስለዚ መጀመር ላሰባችሁ፣ ወይም ዘመድ ያመጣው ቤዝ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ለቀረባችሁ፣ ከግዢ ጀምሮ እስከ መጫወት ያለውን በምሠራበት ቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ያዙልኝ፦ ብራችሁን በሙሉ ቤዙ ላይ አትጨርሱት። መካከለኛ ቤዝ አንገቱ ከተስተካከለ፣ ክሩ ጥሩ ከሆነና በትክክለኛ መብራት ከተሰካ፣ ማንም ካልነካካው ውድ ቤዝ በብዙ ይሻላል።

1ኛ፦ ምን ዓይነት እንደምትፈልጉ ወስኑ

ለጀማሪ ባለ 4 ክር ይበቃል፣ ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ነው። ባለ 5 ክር ከስር አንድ ቢ ይጨምራል፣ ዘፋኝ ቶሎ ቶሎ ኪ፣ ማለትም የሚዘፍንበትን መነሻ ድምፅ፣ ሲቀይር ይጠቅማል፣ ግን ርካሽ ባለ 5 ላይ ቢዋ ላላ ብላ ድምጿ አይለይም፣ ስለዚ እሷን ለኋላ ተዉት። የተለመደው ርዝመት ከነት (መቃኛዎቹ በኩል ክሩ የሚያርፍበት ጠባብ ቁራጭ) እስከ ብሪጅ (ገላው ላይ ክሩ የሚታሰርበት ብረት) 34 ኢንች ነው፣ ማለትም 86 ሳንቲሜትር ገደማ፣ እጃቸው ትንሽ ለሆነ ልጆች ባለ 30 ኢንቹ ይቀላል።

ከዛ ሁለቱን ዋና ዓይነቶች እወቁ። ፕሪሲዥን የሚባለው ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣው ነው፣ ጃዝ ቤዝ ደሞ በ1960 መጣ፣ ዛሬ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ቤዝ ከሁለቱ የአንዱ ልጅ ነው። ፕሪሲዥኑ ወፍራምና ቀጥ ያለ ድምፅ አለው፣ ፒካፑም (ከክሩ ሥር ሆኖ ንዝረቱን የሚቀበለው) ከ1957 ጀምሮ ለሁለት የተከፈለ ስለሆነ እምምም የሚለውን የመብራት ድምፅ ራሱ ያጠፋዋል። ጃዙ ሁለት ፒካፕ አለው፣ አንገቱ ቀጠን ይላል፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነው፣ ግን አንዱን ፒካፕ ብቻ ከከፈታችሁ ያነበንባል፣ ሁለቱንም እኩል ሙሉ ስትከፍቱ አብዛኞቹ ላይ ይጠፋል። እኔ ለኛ አገር ሥራ፣ ጄኔሬተርና የድንኳን አምፖል ላለበት ቦታ፣ ፕሪሲዥን ዓይነቱን እመርጣለሁ። ስሙ ስኳየር ይሁን ያማሃ ይሁን አይባኔዝ ይሁን ኮርት፣ በመካከለኛ ዋጋ ሁሉም የሚሠራ ቤዝ አላቸው፣ ስሙ ላይ ብዙ አትጨነቁ።

2ኛ፦ የትና መቼ

ምርጫ ያለው አዲስ አበባ ነው፣ ያው ታውቁታላችሁ። እዚህ ከተማ ግን ከሙዚቀኛ እጅ በእጅ የሚሸጥ ይገኛል፣ እሱም ዐቢይ ጾም ሲገባ መጠየቅ ነው፣ የጥር ሠርግ አልፎ ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ሰው ያለውን ለመሸጥ ይለሰልሳል። ጥር ላይ ከጠየቃችሁ ማንም ቤዙን አይለቅም።

ሌላው መንገድ ውጪ ያለ ዘመድ ነው። ቤዙ ራሱ የመብራት ችግር የለበትም፣ ከየትም አገር ይምጣ ይሠራል፣ አምፕና የፔዳል ቻርጀር ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ታች እመለስበታለሁ። አንገቱ በ4 ብሎን የታሰረ ከሆነ ተፈቶ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ ለሚልከው ሰው ግን ክሩን አስቀድሞ እንዲያላላና ብሎኖቹን በላስቲክ አስሮ አብሮ እንዲያስቀምጥ ንገሩት።

3ኛ፦ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ፈትሹ

እዚች ጋ ጊዜ ውሰዱ፣ ሻጩ ቢቸኩልም አትቸኩሉ።

መጀመሪያ ቤዙን አንሱና ከራሱ በኩል፣ መቃኛዎቹ ካሉበት ጫፍ ማለት ነው፣ በአንድ ዓይን አንገቱን ወደ ብሪጁ እዩ። በትንሹ ወደ ፊት የጎበጠ ችግር የለውም፣ ይስተካከላል። የተጠማዘዘ ከሆነ ግን፣ ማለትም የወፍራሙ ክር ጎንና የቀጭኑ ክር ጎን በተለያየ አቅጣጫ የሚሄዱ ከሆነ፣ ተዉት፣ በነፃም ቢሰጧችሁ ይከብዳል። ቀጥሎ ራሱ ከአንገቱ የሚገናኝበትን ቦታ በጥፍራችሁ ዳስሱ፣ ስንጥቅ ካለ ጥፍር ይይዛል፣ ወድቆ የተጣበቀ ቤዝ ብዙ ጊዜ በቀለም ተሸፍኖ ነው የሚመጣው።

ከዛ እያንዳንዱን ክር እያንዳንዱ ፍሬት (አንገቱ ላይ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች) ላይ እየተጫናችሁ ምቱ። አዎ፣ ሁሉንም። ዝዝዝ የሚል ቦታ ካለ የት እንደሆነ ያዙ፦ ሁሉም ጋ ከሆነ የአንገት ጉዳይ ነው፣ ይስተካከላል፣ አንድ ፍሬት ላይ ብቻ ከሆነ የተጫናችሁት ፍሬት ተበልቷል ወይ ከሱ ቀጥሎ ወደ ብሪጁ ያለው ተነስቷል ማለት ነው፣ ይሄ ገንዘብ ያስወጣል። የጂ ክር 5ኛና 7ኛ ፍሬት መካከል ድምፁ ቶሎ የሚሞት ቤዝ ካጋጠማችሁ ግን አትደንግጡ፣ ፌንደር ዓይነቶቹ ላይ የታወቀ ነገር ነው፣ በጣም ካልባሰ ይለመዳል።

የትረስ ሮዱን ነት እዩ። ትረስ ሮድ አንገቱ ውስጥ የተቀበረው ብረት ነው፣ ነቱ፣ እዚህ ላይ በቁልፍ የሚዞረው ማለት ነው፣ በቤዙ ራስ በኩል ወይም አንገቱ ከገላው የሚገናኝበት ጋ ይገኛል። ውስጡ ተበልቶ ክብ ሆኖ ከሆነ ቁልፍ አይዝም፣ እንዲህ ያለ ቤዝ ክረምት ከበጋ ሊስተካከል አይችልም፣ ዋጋውን በጣም ካልቀነሱት አትግዙ።

የራሳችሁን ጃክ ኬብል ይዛችሁ ሂዱ። ሰክታችሁ ቮልዩምና ቶኑን ከዳር እስከ ዳር አዙሩ፣ ክርርር ካለ አብዛኛውን ጊዜ ቆሻሻ ነው፣ በኮንታክት ክሊነር ይድናል፣ ድምፁ ድንገት ቁርጥ የሚል ከሆነ ግን መቀየር አለበት። ኬብሉን ጃኩ ጋ ነቅነቅ አድርጉት፣ ጠፋ መለስ ካለ ጃኩ ላልቷል፣ ትንሽ ወጪ ነው ግን ለመደራደሪያ ይጠቅማችኋል። መብራት ከሌለስ? ያለመብራትም ብዙ ማወቅ ይቻላል፦ ቤዙን ደረታችሁ ላይ አስጠግታችሁ ባዶ ኢ ክር ምቱ፣ እንጨቱ ሲርገበገብ ደረታችሁ ላይ ይሰማል፣ ቶሎ ከጠፋ ወይም ክሩ ሞቷል ወይም አንገቱ በደንብ አልታሰረም። ፒካፑ ግን ሳይሰካ አይታወቅም፣ ስለዚ መብራት እስኪመጣ ጠብቁ፣ ሳይሰሙ መክፈል የለም።

4ኛ፦ ክር ቀይሩ

አሮጌ ቤዝ ላይ ያለ ክር ብዙ ጊዜ የሞተ ነው፣ እና ሰው የቤዙ ድምፅ መጥፎ ነው ብሎ ያማርራል። የተለመደው ውፍረት ከ45 እስከ 105 ነው፣ ፓኬቱ ላይ ተጽፏል፣ በዚህ ጀምሩ። ቆርቆር የሚለው ክር ጥርት ያለ ድምፅ አለው ግን ቶሎ ይሞታል፣ ላዩ ልስልስ የሆነው ፍላት ዋውንድ የሚባለው ደሞ ሞቅ ያለ የድሮ ድምፅ አለው፣ ዋጋው ይወደዳል ግን ለዓመታት ይቆያል። እዚህ ክር እንደልብ ስለማይገኝ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ስታገኙ ሁለት ሁለት አስገዙ፣ እና የትዝታና የዝግታ ነገር የምትወዱ ከሆነ ፍላቱን አስቡበት፣ እኔ በጣም ነው የምወደው።

ስታስገቡ ክሩን ከመቃኛው አሳልፋችሁ 10 ሳንቲሜትር ያህል ትርፍ ተዉለት፣ ከዛ መጀመሪያ በፒንሳ ሹል አድርጋችሁ እጠፉ፣ ከዛ በኋላ ነው የሚቆረጠው። ሳታጥፉ ከቆረጣችሁ የላዩ ጥቅል ውስጥ ውስጡን ይፈታና አዲስ ክር ሞተ ማለት ነው። ጫፉን መቃኛው መሃል ያለው ቀዳዳ ውስጥ አስገቡና ወደ ታች እየወረደ እንዲጠቀለል አድርጉ።

ለጊዜው ብር ከሌለ አሮጌውን ቆርቋራ ክር ፈትታችሁ ለ10 ደቂቃ ያህል ውሃ ውስጥ አፍሉት፣ የጣት ቅባትና ቆሻሻው ይወጣል፣ ከዛ ጠብታ ውሃ ሳይቀርበት አድርቁ። ጥርት ብሎ ይመለሳል፣ ግን ለትንሽ ቀን ነው፣ ደጋግማችሁ ካደረጋችሁት ክሩ ይበጠሳል። ከሁሉም የሚሻለው ከተጫወታችሁ በኋላ ሁሌ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ነው፣ የባህር ዳር ሙቀት ላብ በላብ ያደርጋል፣ ላብ ደሞ ክርም ብሪጅም ያዝጋል።

5ኛ፦ አስተካክሉ

ቅደም ተከተሉን አታፋልሱ፦ ቃኙ፣ አንገት፣ ከፍታ፣ ኢንቶኔሽን። አንዱ ሌላውን ስለሚቀይር ከመሃል ከጀመራችሁ ዙሪያውን ስትዞሩ ትውላላችሁ።

አለን ቁልፍ ያስፈልጋችኋል። ይሄ የብስክሌት ከተማ መሆኑ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው፣ ማንኛውም ብስክሌት ጠጋኝ ሙሉ ስብስቡ አለው፣ ቅዳሜ ገበያ አካባቢም ይሸጣል። ግን ተጠንቀቁ፣ ኤሽያ የተሠራው አብዛኛው ቤዝ በሚሊሜትር ነው፣ አሜሪካ የተሠራው በኢንች ነው፣ ተቀራራቢ ቁልፍ ከትታችሁ ካስጨነቃችሁት ነቱን ትበሉታላችሁ። ቁልፉ ሳይወዛወዝ ጥብቅ ብሎ ካልገባ አታዙሩት።

ቤዙን በትክክል ከቃኛችሁ በኋላ ኢ ክርን በግራ እጅ 1ኛ ፍሬት ላይ፣ በቀኝ እጅ ደሞ አንገቱ ከገላው በሚገናኝበት ፍሬት ላይ ተጫኑ። አሁን ክሩ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ሆነላችሁ። 7ኛ ወይም 8ኛ ፍሬት ጋ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት እዩ፣ 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ነው መሆን ያለበት፣ አንድ የቢዝነስ ካርድ እየታከከ የሚያልፍበት ማለት ነው። ክፍተቱ ከበዛ ትረስ ሮዱን ወደ ቀኝ፣ ከጠፋ ወደ ግራ። አንድ ጊዜ ሩብ ዙር ብቻ፣ ከዛ እንደገና ቃኙ፣ ቢቻል አሳድሩትና ጠዋት እዩት፣ እንጨት ቀስ ብሎ ነው የሚንቀሳቀስ። እምቢ ካለ በኃይል አትግፉት።

ቀጥሎ ከፍታ። 12ኛ ፍሬት ጋ ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ሥር በማስመሪያ ለኩ፣ ወፍራሙ ክር 2.5 ሚሊሜትር፣ ቀጭኑ 2 ሚሊሜትር ገደማ ጥሩ መነሻ ነው፣ ብሪጁ ላይ ባሉት ትንንሽ ብሎኖች ይስተካከላል። ከባድ ምት የምትመቱ ከሆነ ትንሽ ከፍ አድርጉት።

መጨረሻ ኢንቶኔሽን፣ ማለትም ቅኝቱ አንገቱ ላይ ሁሉም ቦታ እንዲገጥም ማድረግ። 12ኛ ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫኑ ነካ አድርጋችሁ የሚወጣውን ድምፅና ተጭናችሁ የሚወጣውን በቱነር አወዳድሩ፣ የስልክ ቱነርም ይሆናል። የተጫናችሁት ከፍ ካለ ሳድሉን (ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍበት ትንሽ ብረት) ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት። አሮጌ ክር ላይ ግን አትድከሙ፣ እሱ ራሱ ስለማይገጥም ነው ክሩን አስቀድሜ ያስቀየርኳችሁ።

ይሄ ሥራ በዓመት ሁለቴ ይደገማል። ክረምት ላይ ከጣናም ከዝናቡም እርጥበት ሲመጣ አንገቱ ይቀየራል፣ ጥቅምት ኅዳር ላይ ሲደርቅ ደሞ እንደገና፣ በበጋ የፍሬቱ ጫፍ እጃችሁን መቧጨር ከጀመረ ፍሬቱ አድጎ ሳይሆን እንጨቱ ደርቆ ተሰብስቦ ነው። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተዉት።

6ኛ፦ ማሻሻል ከፈለጋችሁ

ከርካሹ ጀምሩ። ጥሩ ኬብል፣ ከዛ ጃክ፣ ከዛ ቮልዩምና ቶን፣ ፒካፕ ከነዚህ በኋላ ነው፣ ብሪጅ ደሞ የመጨረሻ። ባትሪ ለሌለው ቤዝ ቮልዩሙ 250 ኪሎ ኦም፣ የቶኑ ካፓሲተር 0.047 ማይክሮ ፋራድ ነው የተለመደው፣ ይሄን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለራዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ብትሰጡት ይገባዋል፣ ብየዳውም ለሱ ቀላል ነው። ከመፍታቱ በፊት ግን የሽቦውን አገጣጠም በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

ባትሪ ያለው አክቲቭ ቤዝ ከሆነ ደሞ ባለ 9 ቮልት ባትሪው የሚበራው ኬብል ሲሰካ ነው፣ ስለዚ ስትጨርሱ ንቀሉት፣ ሰክታችሁ ካደራችሁ ባትሪው ያልቃል። ድምፁ መሰባበር ከጀመረ ፒካፑን ከመጠርጠር በፊት ባትሪውን ቀይሩ።

ማንጠልጠያውን ቆዳ ሰፊ ጋ ወስዳችሁ በሰፊ ቆዳ አሠሩ፣ ቤዝ ከባድ ነው፣ ቀጭን ማንጠልጠያ ትከሻ ይቆርጣል። እንዳይወልቅ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ክብ ቆርጣችሁ፣ መሃሉን በስታችሁ ማንጠልጠያው የሚያያዝበት ቁልፍ ላይ ደርቡት፣ በጣም ይይዛል።

7ኛ፦ አምፕና መብራት

ይሄን እባካችሁ በደንብ አንብቡት። ከአሜሪካ የመጣ አምፕ ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፣ የኛ 220 ነው። ሳታዩ ከሰካችሁ ይቃጠላል። ጀርባው ላይ 100-240 የሚል ከሆነ ችግር የለም፣ 120 ብቻ ካለ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፣ ዋቱም አምፑ ከሚወስደው በደንብ የሚበልጥ መሆን አለበት። መብራት ሲጠፋ አምፑን ንቀሉት፣ ሲመለስ ቶሎ አትሰኩ፣ መጀመሪያ የሚመጣው መብራት ከፍ ዝቅ ስለሚል ትንሽ ጠብቁ፣ ጄኔሬተርም እንደዛው፣ ተነስቶ እስኪረጋጋ።

ክሩን ስትነኩ እምምም የሚለው ቢቀንስ ጤነኛ ነው፣ ክሩ ከአርዝ ጋር የተያያዘ ስለሆነ። ነገር ግን ቤዙን ይዛችሁ ማይክ ስትነኩ ከንፈራችሁን ወይ እጃችሁን ከነዘራችሁ፣ ትንሽም ብትሆን፣ ወዲያው አቁሙና አስጠፉ። መስመሩ አርዝ የለውም ወይም አምፑና ሚክሰሩ ከተለያየ መስመር ነው የተሰኩት ማለት ነው፣ ሁለቱንም ከአንድ ማከፋፈያ አድርጉና መስመሩን ኤሌክትሪሻን ይየው። የሶኬቱን የአርዝ ጥርስ ሰብሮ የሚሰካ ሰው አለ፣ ድምፁ ይጠፋል ብሎ፣ በፍጹም እንዳታደርጉት፣ ሰው የሚሞትበት ነገር ነው።

ለቤት ከ15 እስከ 30 ዋት ይበቃል። ቤዝን በቴፕ ስፒከር ወይም በትንሽ የጊታር አምፕ ጮክ አድርጋችሁ አትጫወቱ፣ ባዶ ኢ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ነው፣ ትንሽ ስፒከር ያንን በጉልበት ሲያወጣ ይቀደዳል። ለመድረክ ደሞ ትልቅ አምፕ ከመግዛት ዲአይ ቦክስ (ቤዙን ከሚክሰር ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ሳጥን) ገዝታችሁ በቀጥታ ሚክሰሩ ውስጥ ግቡ፣ የሆቴል አዳራሽም ሆነ የሠርግ ሳውንድ ትልልቅ ስፒከር ይዞ ነው የሚመጣው፣ ሳውንድ ማኑን ብቻ ቀድማችሁ አግኙት።

8ኛ፦ ተጫወቱ

ቀኝ እጅ አመልካችና መሃል ጣት እየተፈራረቁ፣ አውራ ጣት ፒካፑ ላይ አርፎ። ግራ እጅ ፍሬቱ ላይ ሳይሆን ከፍሬቱ ልክ ከኋላ፣ በትንሽ ጉልበት ንጹሕ ድምፅ የሚወጣው እዛ ነው። የማትመቱትን ክር ሁሌ በጣት ዝም አሰኙት፣ ቤዝ ላይ ዝምታው ከድምፁ እኩል ሥራ አለው። የእጅ አንጓችሁን ካመማችሁ አቁሙ።

አሁን ቅኝቶቹን ከሲ ተነሱና አውጡ፣ ማለትም ኤ ክር 3ኛ ፍሬት። ትዝታ፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። የትዝታ ማይነሩ ኢውንና ኤውን በአንድ ፍሬት ዝቅ ያደርጋል። ከዚህ በታች ፍላት ያልኩት በአንድ ፍሬት ዝቅ፣ ሻርፕ ያልኩት በአንድ ፍሬት ከፍ ማለት ነው። ባቲ በማይነሩ፦ ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት። አምባሰል፦ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። አንቺሆዬ፦ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ። እዚህ ላይ ቆም በሉ፦ ቤዝ ተጫዋች እጁ የለመደው ከሲ ወደ ጂ መሄድ ነው፣ ትዝታም ባቲም አምባሰልም ላይ ያስኬዳል፣ አንቺሆዬ ውስጥ ግን ጂ የለም። በልማድ ከመታችሁት ዘፋኙ ዞር ብሎ ያያችኋል። እዛ ላይ ከሲ ወደ ኤፍ ሂዱ፣ ወይም ሲው ላይ ቁሙ። ባዶ ክር ሳትጠቀሙ ተለማመዱት፣ ኪ ሲቀየር ያንኑ ቅርፅ ይዛችሁ መንሸራተት ነው።

ችክችካውን በስድስት ቁጠሩ። መጀመሪያ 1 እና 4 ላይ ብቻ ምቱ፣ ሌላ ምንም። ይሄ ሳይረጋ ወደ ቀጣዩ አትለፉ፣ ከረጋ በኋላ 3ን እና 6ን አጠር አድርጋችሁ ጨምሩ፣ ወዲያው ትከሻ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ከሜትሮኖም ይልቅ ከበሮ ከሚመታ ሰው ጋር ብትለማመዱ ይሻላል፣ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ዝግጅት ሲኖር ሄዳችሁ ቤዝ ክራሩና ከበሮው እንዴት እንደሚጠባበቁ ብቻ ስሙ፣ ሌላውን ተዉት። ለጆሮ ደሞ የሮሃ ባንዱን ጆቫኒ ሪኮንና ሄኖክ ተመስገንን አዳምጡ፣ ሁለቱም ቦታ የሚለቅ ቤዝ ምን እንደሆነ ያሳያሉ።

ከአዝማሪ ጋር ስትጫወቱ መሲንቆው የሚቃኘው በዘፋኙ ድምፅ ነው፣ በናንተ ቱነር አይደለም። ቀድማችሁ ጠጋ በሉና "ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ይንኩልኝ" በሉ፣ ድምፁን ቤዙ ላይ ፈልጉት። በሁለት ፍሬት መካከል ከወደቀ አራቱንም ክር ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጋችሁ ከሳቸው ጋር ግጠሙ፣ እሳቸውን ቃኙ ማለት አይሆንም።

ለሥራ ስትወጡ ባጉ ውስጥ ትርፍ ኬብል፣ ትርፍ ጂ ክር፣ አለን ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ ደረቅ ጨርቅና አክቲቭ ከሆነ ባትሪ ይኑር። ባጃጅ ላይ ቤዙን ጭናችሁ መሃል አቁሙት፣ ራሱ በጎን ወጥቶ እንዳይሄድ፣ ድንኳኑ ጋ ስትደርሱ ደሞ ከሰካችሁ በኋላ ሳይሆን ከመሰካታችሁ በፊት አየሩን እስኪለምድ አውጡትና አስቀምጡት፣ ከዛ ቃኙ፣ ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ አንዴ ድጋሚ ቃኙ።